አባቴ ሲሰቃይ አልኖረም፤ ሐውልቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ረዘም ይላል።

አባዬ ያረፈው በ2015 ዓ.ም. ነው። በቀብሩ ዕለት አንድ ዘመዳችን የሕይወት ታሪኩን አነበበ። የት እንደተወለደ፣ የት እንዳስተማረ፣ ስንት ልጅ እንዳፈራ ተነበበ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቃት ያቺ ዓረፍተ ነገር መጣች፤ ባደረበት ሕመም ለረጅም ዘመን ሲሰቃይ ኖሮ ማረፉን የምትናገረው። ለቅሶ ላይ ነበርኩና ዝም አልኩ። ቃሏ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

አሁን ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። ሐውልት ልናሠራለት ነው። ጠራቢው ድንጋዩ ከ40 ቃል በላይ እንደማይችል ነግሮናል። አጎቴ ሕመሙ ጭራሽ አይነሣ ይላል። ወንድሜ በቀብሩ የተነበበው እንዳለ ይቀረጽ ይላል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ሕመሙ ይጻፍ፣ ሲሰቃይ የምትለዋ ቃል ግን ትውጣ ባይ ነኝ። አባዬ ሲሰቃይ አልኖረም። ኖረ።

ማን እንደነበረ ልንገራችሁ። መንዝ ውስጥ አስተማሪ ነበር። ስኳር የያዘው በ1984 ዓ.ም.፣ በ27 ዓመቱ ነው። እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማዬ እንደምትለው መጀመሪያ የመጣው የውኃ ጥም ነው። አንድ ማሰሮ ውኃ ብቻውን ይጨርስ ጀመር። ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ይወጣል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። አንድ ቀን ጠዋት ጓሮ ስትወጣ ሽንቱ ያረፈበትን ቦታ ጉንዳን ወሮት አየች። አያቴ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። የድሮ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል። በማግስቱ አውቶብስ ተሳፍሮ በሞላሌ፣ በመዘዞ አድርጎ፣ ጣርማ በር ላይ ዋናውን መንገድ ይዞ ደብረ ብርሃን ገባ። ሲመለስ ትንሽ ብልቃጥና የብርጭቆ መርፌ ይዞ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 31 ዓመት፣ ጠዋትና ማታ፣ ኢንሱሊን ተወጋ።

የቤታችን ሰዓት ያቺ መርፌ ነበረች። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እማዬ ትቀቅላታለች። እሱ ብልቃጧን በሁለት መዳፉ መሐል ቀስ አድርጎ ያሽከረክራል፤ ደፍረስ ያለችው፣ ሌንቴ የምትባለው ኢንሱሊን እኩል እንድትዋሐድ። አይንጣትም። ይወጋና በሶውን ወይም የገብስ ቂጣውን ይበላል። ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ ሄዶ ያስተምራል። ከሰዓት ማሳው ላይ ነው። ማታ በኩራዝ ብርሃን እኛን ያስጠናል። አምስታችንንም ፊደል ያስቆጠረን እሱ ነው። ለገና ደግሞ ብታዩት! 50 ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ ዱላውን ይዞ ከጎረምሶቹ ጋር ሩሯን ያሳድዳል። ማታ ጉልበቱን በቅቤ እያሸ ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳጭበረበረ ይተርካል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የካፖርቱ ቀኝ ኪስ መቼም ከረሜላ አያጣም ነበር። ስኳሩ ሲወርድበት ቶሎ አፉ ውስጥ የሚጥላት ናት። እንዳንነካት ተነግሮናል። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነካኋት። ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱንም በላሁ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። አባዬ ለእኔ ጫማ ሊገዛ መሐል ሜዳ ወጣ። ዳገቱ ላይ ላብ አጠመቀው። እጁ ተንቀጠቀጠ። ኪሱን ዳበሰ፤ ባዶ ነው። መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ማር በቅል ይዘው ወደ ገበያ የሚሄዱ እናት አገኙት። የሰከረ መስሏቸው ሊያልፉት ነበር። እሱ እንደምንም ስኳር የምትለዋን ቃል አወጣ። የቅሉን አፍ ፈተው በጣታቸው ማር አላሱት።

ማታ ጫማዬን ይዞ ገባ። አልተቆጣኝም። የገዛውን ከረሜላ ለሁለት ከፈለው። ግማሹን ቀኝ ኪሱ፣ ግማሹን ግራ ኪሱ ከተተ። ግራው የእኔ፣ ቀኙ የእሱ መሆኑን ነገረኝ። እስክዳር ድረስ ግራው ኪስ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ የልጅ ልጆቹ ወረሱት።

እስቲ ንገሩኝ። ይህን ሰው ሲሰቃይ ኖረ ብሎ መጻፍ ይገባል? እናንተስ አባቶቻችሁን እንዴት ጻፋችኋቸው?

*

ከዚህ በታች ያለው እስካሁን የመጡትን 41 መልሶች በራሴ አባባል ያጠናቀርኩበት ነው። እማዬ ማንበብ ስለማትችል ማታ ማታ በስልክ እነግራት ነበር። ለእሷ እንደነገርኳት አድርጌ ለእናንተም ላስቀምጠው።

መልስ 1 የመጣው ከሞላሌ ነው። በነፍስ ይማር የጀመረ ጨዋ ሰው ነው። የቀብር ጽሑፍ ከሌላ የቀብር ጽሑፍ ላይ እየተገለበጠ እንደሚጻፍ አስረዳኝ። የእሱ አባት የሞቱት በመኪና አደጋ፣ በአንድ ጀምበር ነው። የተነበበው ግን ከረጅም ሕመም በኋላ እንዳረፉ ነበር። ከለቀስተኛው ማንም አላረመም። እሱም አላረመም፤ ይህ እስካሁን ይቆጨዋል።

መልስ 2 ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ሐሳባቸው ከአጎቴ ጋር ነው። ድንጋይ ላይ ያረፈ ነገር ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ፣ ያላገቡ እህቶች ካሉኝ ላስብላቸው እንደሚገባ መከሩኝ። በወጣትነታቸው የሚያውቋት አንዲት ልጅ ሽማግሌ ከተላከላት በኋላ የአባቷ ስኳር ሲሰማ ነገሩ ፈርሶባታል። በክፋት የተናገሩት አይደለም። የኖሩበትን ዓለም ነው የነገሩኝ።

መልስ 3 ነርስ ናት፤ የምትሠራው ደብረ ሲና አካባቢ ነው። ሁለታችንንም በትሕትና አረመችን። ለትልቁ ሰው የመለሰችው ስለ ዘር ነው። በወጣትነት የሚይዘው፣ ኢንሱሊን የግድ የሚለው ዓይነት ስኳር የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው። አባት ይህ ዓይነቱ ካለበት ልጁን የመያዝ ዕድሉ ከ17 አንድ ገደማ እንደሆነ ገለጸች። በዕድሜና በውፍረት ሰበብ የሚመጣው ሌላው ዓይነት ግን በቤተሰብ ውስጥ ይበልጥ ይደጋገማል። ስለዚህ ሰው ሊፈራ ካለበት እንኳ የሚፈራው የተሳሳተውን ነው ማለቷ ነው። እኔን ያረመችኝ ቀጥሎ ባነሣሁት ነገር ስለሆነ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

መልስ 4 ላይ ነገሩ ከረረ። የጻፈው ወጣት ነው፤ የትልቁን ሰው ምክር ነውር እስከማለት ደርሷል። ወንድሙ ኮሌጅ ሲገባ ስኳሩን ከክፍል ጓደኞቹ ደብቆ ነበር። መርፌውን የሚወጋው ሽንት ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት ስኳሩ ወረደበት። አጠገቡ የተኙት ልጆች ምን እንደሆነ አላወቁም፣ የደከመው መሰላቸው። ጠዋት አልነቃም። ወጣቱ እንዲህ ዓይነት ምክር ስንት ሰው እንደገደለ ጠይቆ ነው የቋጨው። አነጋገሩ ለሽማግሌ የሚገባ አልነበረም። ግን ስለ ወንድሙ እያነበብኩ እሱን ለመውቀስ አልቻልኩም። መልስ 5 ትልቅ ሰው እንዲከበር አሳሰበ። መልስ 6 ደግሞ ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይገሠጽም አለ። እዚያ ላይ ትንሽ ዝም ተባባልን።

ከዚያ አንዱ መንዝ ውስጥ ፍሪጅ ሳይኖር ኢንሱሊን እንዴት እንደሚቆይ ጠየቀ። እኔ የመለስኩት ቅዝቃዜያችን ራሱ ፍሪጅ እንደሆነ ነው። አባዬ ብልቃጧን በሱፍ ካልሲ ጠቅልሎ ጎታው ውስጥ፣ ገብሱ መሐል ይቀብራት ነበር። ነርሷ ያረመችኝ ይህን ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ ከዜሮ በታች ወርዶ በረዶ ከሆነ ግን ጉልበቱ ያልቃል። ቢቀልጥም አይመለስም፤ መጣል አለበት። ስለዚህ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ወዳጅም ጠላትም ነው።

ልክ ናት። ይህን እየጻፈች ሳለ አንድ ታኅሣሥ ትዝ አለኝ። አባዬ ጠዋት ብልቃጧን ለብርሃን አሳይቶ ከታች የተጓጎለ ነገር አየባት። ምንም ሳይናገር አስቀመጣት። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ አልቆበት ስለነበር ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደ። አውቶብሱ ላይ የፈተና ወረቀት ሲያርም እንደነበር አብሮት የተጓዘ ሰው ነግሮናል። ካልሲውና ገብሱ ለካ ብልቃጧን ከውርጭ የሚከላከሉ ነበሩ። እኔ የሚያቀዘቅዙ ይመስሉኝ ነበር።

መልስ 9 ሸዋ ሮቢት ነው፤ እዚያ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀት። እናቱ ሁለት ገንቦ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርገው፣ መሐላቸውን በአሸዋ ሞልተው አሸዋውን ውኃ ያጠጡታል። ውኃው እየተነነ ሲሄድ የውስጠኛው ገንቦ ይቀዘቅዛል። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሲደርስ ወደ ደብረ ብርሃን የተሰደዱት ከገንቦው ውስጥ አንዲት ብልቃጥ ብቻ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው። መጠለያ ውስጥ ከአንዲት የማያውቋት ልጃገረድ ጋር ተካፍለው እንደተወጉ ጻፈ። ነርሷ እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፦ መድኃኒቱን እንጂ መርፌውን መካፈል እንደማይገባ። እሱም መርፌው ለየብቻ እንደነበር አረጋገጠላት።

ከመልስ 11 እስከ 15 ያለው ስለ ባና ነው። የሱፍ ካልሲ ሲነሣ አንዱ ባና ያስታውሰዋል፣ ሌላው በርኖስ። የመንዝ በግ ሱፍ ከሌላው የተሻለ ነው አይደለም ተባለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተነሣ። ዛሬ በእጅ የሚሠራ ባና የት ይገኛል የሚል ጥያቄ መጣ፤ ሦስት ሰው ሦስት ቦታ ጠቆመ፣ ሦስቱም አልተስማሙም። ከርዕስ ወጥቷል ብላችሁ ቅር ያላችሁ ነበራችሁ። እኔ አልከፋኝም። አባዬ ባና ለብሶ ነው የኖረው። ባና ሲነሣ እሱ የተነሣ ያህል ነው።

መልስ 16 ግን ቀጥታ ወደ እሱ መጣች። አባቴ ይጾም እንደነበር ጠየቀችኝ። በመርፌው ምክንያት በዐቢይ ጾም ጠዋት ይበላ እንደነበር ስነግራት፣ እንዲህ ያለ ሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚወደስ ድንጋይ ሊቆምለት እንደማይገባ ጻፈች። ይህ ወጋኝ፤ አልደብቅም።

መልስ 17 ዲያቆን ነው፤ ቶሎ ደረሰልኝ። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሕመምተኛ ጾምን እንደሚያቀል፣ ይህም ከንስሐ አባት ጋር ተመክሮ የሚሆን እንደሆነ በእርጋታ አብራራ። እኔም የማውቀውን ጨመርኩ። አባዬ በመጀመሪያው ዓመት እምቢ ብሎ ነበር። መርፌውን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊጾም ሞክሮ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ወደቀ። ሠላሳ ተማሪ እያየው። የንስሐ አባታችን ናቸው ቤት ድረስ መጥተው የገሠጹት። ሰዓቱን ትተህ ምግቡን ጹም አሉት። ስለዚህ 55ቱን ቀን ቂጣውን በተልባ ይበላ ነበር፤ ጠዋት፣ በሩን ዘግቶ። የሚዘጋው አፍሮ አልነበረም። እኛ ልጆች አይተን ጾም ቀላል ነገር እንዳይመስለን ነው። መልስ 16 ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም።

መልስ 19 ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ወስዳችሁት ቢሆን ይድን ነበር ባይ ነው። በፍቅር ነው የጻፈው። አባዬ ጻድቃኔ በየዓመቱ ይሄድ እንደነበር መለስኩለት። ጸበሉን ይጠመቃል፣ ይጠጣል፣ ቦርሳው ውስጥ ኢንሱሊኑ አለ። ሁለቱን ሲያጣላ አይቼው አላውቅም።

ይህን ያነበበ መልስ 20 ተናደደ። እኔ ላይ አይደለም፣ 19 ላይ ነው። አክስቱ ጸበል ቦታ መድኃኒቱን አቁሚ የሚል ሰው ገጥሟቸው ኢንሱሊናቸውን ጣሉ። በአራተኛው ቀን ትንፋሻቸው እየፈጠነ፣ እያስታወካቸው፣ ራሳቸውን ስተው ሞቱ። ነርሷ ይህ ዓይነቱ ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲያቆም ደሙ በቀናት ውስጥ አሲድ እንደሚሆን ገለጸች። ዲያቆኑ በበኩሉ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በግልጽ ማስተማራቸውን አስታወሰ። መልስ 19 መድኃኒት አቁሙ ብዬ አልወጣኝም አለ። እውነቱን ነው፤ አላለም። ግን ይድን ነበር የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትቆርጥ የሚያውቀው ሕመምተኛ ያለበት ቤት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው የሒሳብ መምህር እፎይ አሰኘን። ቁጭ ብሎ አስልቷል። በቀን ሁለት፣ በዓመት 730፣ በ31 ዓመት 22,630 መርፌ። ሌላው ወዲያው ጳጉሜን 6 የምትሆንባቸውን ዓመታት ረስተሃል ብሎ አረመው። እነሱ ሲከራከሩ እኔ ቁጥሩ ላይ ቀረሁ። አንድም ቀን ሰለቸኝ ሲል አልሰማሁትም። አንድ ሌላ አንባቢ ደግሞ ኢንሱሊን ለሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በጥር 1914 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1922)፣ ቶሮንቶ ውስጥ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ እንደሆነ ጻፈ። ከዚያ በፊት አባዬን የያዘው ዓይነት ስኳር ማለት በወራት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመታት ሞት ነበር። አያቴ ጉንዳኑን ሲሰሙ ለምን እንደደነገጡ አሁን ገባኝ። እሳቸው የሚያውቁት ያን ዘመን ነው።

ስለ ማሩም ምክር መጣ። ያቺ እናት ደግ ሠርተዋል፤ አባትሽ መናገርና መዋጥ ይችሉ ስለነበር ነው ግን የተረፉት የሚል ነው የነርሷ ቃል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ማርም ሆነ ሻይ ማፍሰስ ሊያንቀው ይችላል። እንዲህ ያለውን በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው ደግሞ 15 ግራም የሚሆን ስኳር፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ መስጠት፤ 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው መድገም። ይህችን ገልብጣችሁ ያዙልኝ።

አሁን ወደ መልስ 27 ልምጣ። ጻፍኩ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ ሰረዝኩ።

ሴት ናት፤ ከአንኮበር ወገን። አባቷ እንደ አባዬ በመርፌ የኖሩ ናቸው። ጽሑፌን እንደወደደችው፣ ግን እንዳላመነችው በግልጽ ነገረችኝ። የእሷ ልጅነት ፍርሃት ነበር። ሌሊት ተነሥታ የአባቷን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሩቅ የምታየው በራቸው ላይ ሰው ተሰብስቦ እንደሆነ ነው። አባቷ ደስተኛ ነበሩ፤ የእሳቸው ደስታ ግን በሌላ ሰው እንቅልፍ የተገዛ ነበር። እናቴ እነዚያን 31 ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈች ጠይቄ እንደማውቅ ነው የጠየቀችኝ።

አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም።

አንዳንዶቻችሁ ተቆጣችኋት። መልስ 28 ጨካኝ አላት፤ 29 ሐዘንተኛ ላይ ጨው ነሰነሰች አለ። ተዉአት። ከ41ዱ መልስ ለእኔ በጣም የጠቀመኝ የእሷ ነው።

መልስ 34 ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነው። ደብረ ብርሃን ያሉት ትልቅ ሰው፣ መልስ 2፣ እኩለ ሌሊት ላይ ተመለሱ። እሳቸው ራሳቸው ስኳር ከያዛቸው 12 ዓመታቸው ነው። ከባለቤታቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ሰርግ ሲጠሩ ጠላውን ላለመቅመስ ስለት አለብኝ ይላሉ። ክኒናቸውን የሚውጡት ጓዳ ገብተው ነው። ለእኔ የመከሩኝ ምክር ለራሳቸው ሲመክሩት የኖሩት እንደሆነ ጻፉ። የወጣቱን ወንድም ታሪክ ካነበቡ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡም አልሸሸጉም። ያ ቁጡ ወጣት፣ መልስ 4፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ትልቁ ሰው የወንድሙን ስም ጠየቁት፤ በጸሎት ሊያነሡት።

የቀሩት መልሶች አጫጭር ናቸው። አባዬ በምን እንደሞተ የጠየቃችሁ አላችሁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ኩላሊቱ ደክሞ ነበር። እስከ ሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ድረስ አስተምሯል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ። የተረፈችውን ብልቃጥ ምን እንዳደረግናት ለጠየቀው ደግሞ፣ ያልተከፈተችውን ይዘናት ወደ ጤና ጣቢያው ሄደን የሚሆነውን እንዲያደርጉ ሰጥተናቸዋል።

*

ትናንት ማታ ለእማዬ መልስ 27ን ነገርኳት። ስልኩ ላይ ረጅም ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ ጠራኋት። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች። በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሣ ነበር። ማንም አልቀሰቀሳትም፣ ራሷ ትነቃለች። እጇን ግንባሩ ላይ ታኖራለች። ደረቅ ከሆነ ተመልሳ ትተኛለች። ላብ ካለው በጨለማ ውስጥ ማር ታልሰዋለች። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት አያስታውሰውም። እሷም አትነግረውም። ማሩን ራስጌዋ ላይ የምታኖረው በመድኃኒት ብልቃጥ ነበር። እኛ አምስታችን አንድ ክፍል ውስጥ ተኝተን አንድም ቀን አልሰማንም።

ማሩ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኳት። ከዚያችው የገበያ መንገድ ላይ ከተገኙት እናት ነው። አባዬ በየዓመቱ ገብስ ሲሰበሰብ አንድ ቁና ይልክላቸዋል፤ እሳቸው ቅሉን ሞልተው ይመልሱለታል። እስኪሞቱ ድረስ እንዲህ ኖረዋል። እኔ ይህን የሰማሁት በ36 ዓመቴ ነው።

ጽሑፉን አዘጋጅተናል። መምህር መሆኑ ይቀድማል። 31 ዓመት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እየተወጋ አምስት ልጅ ማሳደጉ፣ ለቁጥር የሚያታክት ተማሪ ማስተማሩ፣ ገናን መጫወቱ ይከተላል። ሲሰቃይ የምትለዋ ቃል የለችም። አጎቴ ኢንሱሊን የምትለዋን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን ፈረመ። ጠራቢው ቆጥሮ 31 ቃል ነው አለ። ዘጠኝ ቃል ይተርፈናል።

ዘጠኟን ስለ እማዬ ላደርጋት ነበር። እማዬ ግን በሕይወት ያለ ሰው የመቃብር ድንጋይ ላይ አይጻፍም ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ እሷን እዚህ ጻፍኳት።